የጋሼ ታሽኮ ፍሬን

የሞተ ሰው ሞተር ግቢያችን የገባው ሰውየው ከተቀበረ ሳምንት ሳይሞላው ነው። አጎቴ ናውሜ በትምባሆ ማኅበሩ ትራክተር ተጎታች ላይ ጭኖ፣ በአበባማ አንሶላ ሸፍኖ አመጣው። አንሶላውን አውቀዋለሁ፤ ከመንገዱ ማዶ፣ እትዬ ፋኒያ ግቢ፣ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። ስለዚህ ከሥሩ የተኛው ባሏ ጋሼ ታሽኮ ነው ብዬ ደመደምኩ። ከቀበሩት በኋላ ሐሳባቸውን ቀይረው አውጥተውታል ማለት ነው። ስምንት ዓመቴ ነበር፤ በዚያ ዕድሜ ትልልቅ ሰዎች የማያደርጉት ነገር ያለ አይመስልም።

አባቴ አንሶላውን ሲገልጠው ዘይት የጠገበ ብረት፣ የመኪና ሞተር፣ ብቅ አለ። እፎይ ልል ስል አጎቴ ብረቱን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ፣ «በል እንግዲህ ክርስቴ፣ ታሽኮ ራሱ መጣልህ» አለ።

አባቴ አልሳቀም። በሩ ሥር መቆሜን አየና «ዳፊና፣ ግቢ ወደ ቤት!» ብሎ ጮኸብኝ። ጮኾብኝ የማያውቅ ሰው ነው። እናቴ ሻርፗን ተከናንባ መስኮቱ ላይ ቆማ ነበር። ቅንድቧ ላይ የተለጠፈው ፕላስተር ገና አልተነሣም፤ ትምባሆ ስሰቅል ከመሰላል ወደቅሁ ብላኛለች። እሷ የምታየው ሞተሩን አልነበረም። ከሞተሩ ቀጥሎ የወረዱትን ሁለት ክብ ብረቶች፣ የፍሬኑን ዲስኮች ነበር። ዓይኗን ሳትነቅል አየቻቸውና መጋረጃውን ዘጋች።

መኪናችን ፊቻ ናት። የጣሊያኖቹን ትንሽ ፊያት፣ ሴይቼንቶን፣ እኛ አገር ሲሠሯት የወጣላት ስም ነው። የእኛዋ ከእኔ በዕድሜ ትበልጣለች። ክሩሼቮ ተራራ አናት ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች ከቤቱ የወጣ ሁሉ ቁልቁል መውረድ፣ የወረደ ሁሉ ዳገት መውጣት አለበት፤ ፊቻ ደግሞ ሁለቱንም አትወድም ነበር። ዳገቱ ላይ ትታነቃለች፣ ቁልቁለቱ ላይ ትከዳለች። ፍሬኗ ሲግል የተቃጠለ ሸራ ይሸታል። አባቴ ያ ሽታ ሲመጣ መስኮቱን ከፍቶ መዝፈን ይጀምራል። ደስ ብሎት ይመስለኝ ነበር።

የጋሼ ታሽኮ መኪና ሌላ ናት። ስምንት መቶ ሃምሳ ፊያት፣ ሞተሯ ጉልበተኛ፣ የፊት ፍሬኗ ዲስክ። በዚያች መኪና ሲወርድ፣ ከከተማው በታች ካለው ትልቁ ኩርባ ላይ ከድንጋዩ አጥር ተላትሞ ሞተ። እኔ የማውቀው ይህን ያህል ብቻ ነበር። የቀረውን የነገረኝ ሚርቼ ነው።

ሚርቼ የጎረቤት ልጅ ነው። በዕድሜ ከእኔ ትንሽ ይበልጣል፤ በዕውቀት ደግሞ፣ እሱ እንደሚለው፣ ከመላው ከተማ። አጥራችን ላይ ተንጠልጥሎ ግቢያችንን ሲመረምር ቆየና፣

«አባትሽ ያንን ፍሬን ሊገጥም ነው አሉ» አለኝ።

«የቱን ፍሬን?»

«ጋሼ ታሽኮን የገደለውን ነዋ! እምቢ ብሎት አይደል እንዴ ከአጥሩ የተላተመው? አርባው እንኳ ሳይወጣ! አባቴ ምን አለ መሰለሽ፣ ‹ክርስቴ አብዷል› አለ።»

«ያበደስ ያንተ አባት ነው።»

«እሺ፣ እናያለና። ሟች ብቻውን መሄድ አይወድም።»

ድንጋይ አንሥቼ ወረወርኩበት፤ ሳትኩት። ነገሩ ግን እኔን አልሳተኝም።

እኛ ዘንድ ሰው ሞቶ እስከ አርባው ድረስ ሄደ አይባልም። ነፍሱ በቤቱ ትዞራለች፤ መስኮት ላይ ውኃና ቁራሽ ዳቦ የሚቀመጥላት ለዚህ ነው። ልብሱ አይነካም፣ ዕቃው ከደጁ አይወጣም። አርባው ሲደርስ ስንዴው ይቀቀላል፣ ቄሱ ይመጣል፣ መቃብሩ ላይ ወይን በመስቀል ምልክት ይፈስሳል። ነፍስ ያን ጊዜ ተሰናብታ ትሄዳለች። የጋሼ ታሽኮ ነፍስ እንግዲህ ከዕቃዋ ጋር ወደኛ ግቢ ተዛውራለች፤ አባቴም በገዛ እጁ በመፍቻ እያጠበቀ መኪናችን ውስጥ ሊያስገባት ነው።  አባቴ ሊሞት ነው። ማንም አይቶ ማንም አይናገርም።

ከመጋዘኑ በስተጀርባ፣ የትምባሆ ቅጠል ከሚንጠለጠልበት ሥር ተሸጉጬ እሰማቸዋለሁ።

«ሞተሩን እናስቀድም፤ ብርዱ ሳይጠና» ይላል አጎቴ።

«ፍሬኑ ይቅደም።»

«አንተ ሰውዬ፣ ለማትሄድ መኪና ፍሬን ምን ያደርግላታል?»

«መሄዷንስ ትሄዳለች። እኔን የሚያስፈራኝ መቆሟ ነው። ለራሴ ብቻ ቢሆን ግድ አልነበረኝም፣ ናውሜ።»

 አጎቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሰዎቹስ? እስከ መቼ ይጠብቃሉ?» አለ።

«በረዶ ሳይወድቅ ኑ ብለዋል። ከዚያ በላይ መጠበቅ አይቻልም አሉ።»

«ልጅቷስ?»

«ተዋት። ምኑ ይነገራታል?»

ሰዎቹ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰዎቹ እነማን እንደሆኑ አውቅ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ድንጋይ ተጭኗቸው የተኙት ናቸው። አባቴን በረዶ ሳይወድቅ ና ብለውታል። መልእክቱን የሚቀበለው ደግሞ ከእትዬ ፋኒያ ቤት ነው፤ ምክንያቱም ሲመሽ ሲመሽ እጁን ታጥቦ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ወደዚያ ይሻገርና ፊቱ አመድ መስሎ ይመለሳል። ዛሬ ሳስበው በሰፈራችን ስልክ የነበረው እዚያ ቤት ብቻ ነው። አባቴ ለስልክም ንጹሕ ሸሚዝ ይለብስ ነበር።

ፍሬኑ ቀደመ። የድሮዎቹን የፍሬን ታምቡሮች በመዶሻ እየመቱ አወጧቸው። ጥቁር አቧራ ቦለል አለ። በቦታቸው የሟቹ ዲስኮች ገቡ። ቧንቧው በዘይት ከተሞላ በኋላ አየሩ መውጣት አለበት፤ ይህ የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ከሥር ተኝቶ ቡሎኗን ይፈታል፣ አንዱ መሪው ጋ ተቀምጦ ፔዳሉን ይረግጣል። በእኛ አገር ረጋጯ ሚስት ናት። ስንት ትዳር በዚህ ሥራ ተፈትኗል።

«ርገጪ!»

«ረገጥኩ።»

«ያዢ!»

«ይዣለሁ።»

«አሁን ልቀቂ! ልቀቂ አልኩሽ እኮ ዶንካ!»

«ለቀቅኩ እኮ! አትጩህብኝ፣ ጎረቤት ይሰማል!»

አጎቴ እየሳቀ የዘይቱን ማሰሮ ያዘላቸው። ከቀጭኗ ቱቦ የሚወጣው ዘይት ውስጥ አረፋ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። እኔ ያ አረፋ ምን እንደሆነ አውቄያለሁና ዓይኔን ጨፈንኩ፤ የጋሼ ታሽኮ ነፍስ ነው። ስገልጥ የእናቴን እግር አየሁ። ነጠላ ጫማዋ ጠቧት፣ ቁርጭምጭሚቷ አብጦ ከዳር ዳር ተርፏል። ጥቂት ከረገጠች በኋላ ግንባሯን መሪው ላይ አስደገፈች።

አባቴ ከመኪናው ሥር ተስፈንጥሮ ወጣ። «ዶንካ? ዶንካ!»

«ደክሞኝ ነው፣ ምንም አይደል። ያዘ?»

«ይዟል።»

«እንግዲያው ጥሩ ነው።»

የቀረውን አጎቴ ረገጠ። ያ ፔዳል የእናቴን ጉልበት መጠጠው ብዬ አመንኩ። ከዚያ ወዲህ በመኪናዋ አጠገብ ሳልፍ እየሮጥኩ ነበር የማልፈው።

በዚያው ሰሞን እናቴ ጨው ተወች። ለብቻዋ ጨው የሌለው ዳቦ ትጋግራለች። እኛ የተጠበሰ ቃሪያ በአይብ ስንበላ እሷ ታየናለች። ውኃ እንኳ በራኪያ አረቄ መለኪያ ነው የምትጠጣው፤ ጨርሳ መለኪያዋን እንደ ሕፃን ትልሳለች። የገና ጾም ገና አልገባም። ስለዚህ ስለት ነው አልኩ፤ ለአባቴ ነፍስ ተስላ ነው። እሷም ታውቃለች ማለት ነው። ደስ ይበለኝ ይክፋኝ አላውቅም፤ ብቻ ፍርሃቴን የሚጋራኝ ሰው አገኘሁ። እኔም ተሳልኩ።

«ሾርባሽን ለምንድነው የማትበዪው?» አለችኝ አንድ ቀን ምሳ ላይ።

«ጨው አለበት።»

«ቢኖርበትስ?»

«እኔም እንዳንቺ ነኝ። አባዬ እንዳይሞት።»

ማንኪያዋን አስቀመጠች። መጀመሪያ ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣ፤ ዓይኗን በሻርፗ ጫፍ ጠረገች። «እንግዲያው አንቺ ብዪ። ለአንድ አባት አንድ ጾመኛ ይበቃል» አለችኝ። ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

ሞተሩ ሊገባ ሲል ድፍረቴን ሰብስቤ የእትዬ ፋኒያን በር አንኳኳሁ። ከእግር እስከ ራሷ ጥቁር ለብሳ ከፈተችልኝ። ቤቱ ሰም ሰም ይሸታል። የጋሼ ታሽኮ ኮፍያ መስቀያው ላይ አለ፤ መስኮቱ ላይ ውኃውና ዳቦው።

«እናትሽ ምን ሆነች?» አለችኝ ገና ሳታስገባኝ።

«ምንም አልሆነችም። እትዬ ፋኒያ፣ እባክዎን ሞተራችሁን መልሰው ይውሰዱልን። ፍሬኑንም።»

«ማን ላከሽ?»

«ማንም።»

ወንበር ሳበችና ተቀመጠች፤ ፊቷ ከፊቴ ትክክል ሆነ። «ስሚኝ የኔ ልጅ። ታሽኮ አንድ ነገር ጀምሮ ሳይጨርስ ነው የሄደው። ያ ነገር እየቆጨው ነው የሚሄደው። እንግዲህ ሞተሩና ፍሬኑ ይጨርሱለት። አንቺ አትፍሪ።»

አትፍሪ ስትለኝ ነው የባሰ የፈራሁት። የጀመረው ነገር አለ። ሳይጨርስ አይሄድም። ቤታችን ስገባ ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ነበር፤ እናቴ ብርድ መቶሻል ብላ አልጋ ውስጥ አስገባችኝ፤ እሷም ከጎኔ ጋደም አለችና ከእኔ በፊት እንቅልፍ ወሰዳት።

ሞተሩን ያስነሡት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ሰፈሩ አጥር ላይ ተሰብስቧል፤ ሚርቼ ከነአባቱ። አጎቴ ከኋላ ተንበርክኮ ካርቡራቶሩን ይጎረጉራል፣ አባቴ መሪው ጋ ነው። ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስነጠሰ፣ በሦስተኛው ያዘ። ያ ድምፅ በመንገዳችን ላይ ስንት ዓመት ሲወጣ ሲወርድ የሰማነው፣ የጋሼ ታሽኮ ድምፅ ነበር። ሴቶቹ አማተቡ። ከማዶ የእትዬ ፋኒያ በር ተከፈተ።

«አንደኛ አስገባ!» ብሎ ጮኸ አጎቴ።

አባቴ አንደኛ ማርሽ አስገባ፤ ፍሪሲዮኑን ለቀቀ። መኪናዋ ወደኋላ ወረደች።

አጎቴ ተንከባልሎ አመለጠ። ፊቻ በተከፈተው በር በጀርባዋ ወጥታ፣ መንገዱን አቋርጣ፣ ቀጥ ብላ ወደ እትዬ ፋኒያ ግቢ ሄደች። ወደ ሌላ የትም አይደለም፤ ወደ ቤቷ። «እየወሰደው ነው!» ብዬ የጮኽኩት እኔ ነኝ። ድምፄን መንገዱ ሁሉ ሰማው፤ አንዲት ሴት አብራኝ ጮኸች። ፍሬኑ ሲጮህ ሰማሁ። መኪናዋ እትዬ ፋኒያ እግር ሥር ቀጥ ብላ ቆመች።

 አባቴ ሁለት እጁን መሪው ላይ እንዳደረገ ደንዝዞ ቀርቷል። መጀመሪያ የተናገረችው እናቴ ናት፤ ከደጃፉ ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፋ፣

«ምን ታፈጣላችሁ? ፍሬኑ ያዘ አይደል?» አለች።

አጎቴ ካምቢዮውን አየ፣ ሞተሩን አየ፣ ከዚያ መሬት ላይ ዘፍ ብሎ ሳቅ ጀመረ። «ይኼ የተረገመ ወደ ሌላ ጎን ነው የሚዞረው! አራት ማርሽ ወደኋላ፣ አንድ ወደፊት! እግዚኦ፣ ትራክተር የለመደ ጭንቅላቴ!»

እውነቱን ነው። የስምንት መቶ ሃምሳው ሞተር ከፊቻ ሞተር በተቃራኒ ይሽከረከራል፤ ካምቢዮው ተከፍቶ ትልቁ ጥርስ ካልተገለበጠ መኪናዋ የኋሊት ትጋልባለች። ዛሬ ይህን የማያውቅ የለም። በየዓመቱ የድሮ መኪና ባለቤቶች አደባባይ ሲሰለፉ እሄዳለሁ፤ ሞተር የቀየረ፣ ዲስክ ፍሬን ያስገባ ስንት ፊቻ አያለሁ። ለምን ቀየራችሁት ስላቸው ለደስታ ነው ይሉኛል። አጎቴን እስኪሞት ድረስ «ናውሜ የኋሊቱ» እያልን አበሸቅነው።

ያን ዕለት ግን የማንንም ማብራሪያ አልሰማሁም። የማየው እትዬ ፋኒያን ነበር። ቤት ገብታ የወይን ጠርሙስ ይዛ ወጣች። ከመኪናዋ ኋላ ዞረች፣ በሚንደቀደቀው ሞተር ክዳን ላይ ወይኑን በመስቀል ምልክት አፈሰሰች። ትኩስ ብረት ላይ ጠብ ጠብ ሲል ጢሱ ተነሣ። «አርባህን አልጠበቅንም ታሽኮ፤ ይቅር በለን» አለች። መቃብር ላይ የሚደረገውን አባቴ ተቀምጦ ባለባት መኪና ላይ አደረገችው። አባቴም ኮፍያውን አወለቀ። በዓይኔ ፊት ቀበሩት ብዬ ወደ መጋዘኑ ሮጥኩ። ትምባሆው ውስጥ ተደብቄ እስኪደክመኝ አለቀስኩ።

በረዶው የወደቀው አርባው ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው ነው። ጠዋት ስነሣ ተራራው ነጭ ሆኗል፣ ግቢ ውስጥ ሞተሩ ይንደቀደቃል። ካምቢዮው ተገልብጦ ተገጥሟል፤ የኋላ ጎማዎቹ ላይ ሰንሰለት ታስሯል። እትዬ ፋኒያ ወደ ትምህርት ቤት ልታደርሰኝ መጥታለች። እናቴ የእሑድ ካፖርቷን ለብሳ፣ ትንሽ ቦርሳ ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ከአባቴ ጎን ተቀምጣለች።

 ያን ሁሉ ቀን የፈራሁት ለአንድ ሰው ነበር። ሁለቱን ይወስዳል ብዬ አስቤ አላውቅም። የእትዬ ፋኒያን እጅ መንጭቄ ሮጥኩ፣ በእናቴ መቀመጫ ላይ ተንጠልጥዬ ወደኋላ ገባሁ፣ ያገኘሁትን ብረት ሙጭጭ አድርጌ ያዝኩ።

«ውረጂ» አለ አባቴ።

«አልወርድም።»

«ዳፊና!»

«ከሞታችሁ አብረን ነው የምንሞተው!»

 እናቴ ሳትዞር፣ «ተዋት ክርስቴ። ትምጣ። እስከ መቼ ነው የምንደብቃት?» አለች።

ወረድን። የፊቻ ሞተር ከኋላ መቀመጫ በስተጀርባ ነው፤ ሙቀቱ በካፖርቴ አልፎ ጀርባዬን ይነካኛል፣ ንዝረቱ አጥንቴ ውስጥ ይገባል። ጋሼ ታሽኮ ከኋላዬ ሆኖ የሚገፋን ይመስለኝ ነበር። መንገዱ እርጥብ ነው፣ ዳር ዳሩን በረዶ። በእያንዳንዱ ኩርባ አባቴ ፍሬን በያዘ ቁጥር እግሬን ወለሉ ላይ አብሬው እተክላለሁ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? ትልቁ ኩርባ ደረሰ። የድንጋይ አጥሩ የተቦደሰበት ቦታ ከሩቅ ታየኝ። አባቴ ከመሪው አንድ እጁን አንሥቶ አማተበ።

ያን ጊዜ ግንድ የጫነ መኪና ከኩርባው ወጣ፤ በእኛ መስመር ነው የመጣው። ጡሩንባው ጆሮዬን ሞላው። አባቴ ፔዳሉን ረገጠ። ፊቻ አፍንጫዋን ወደ መሬት ደፋች፤ ሳትወላገድ፣ ወደ ገደሉም ሳትል፣ ባለችበት ቀጥ አለች። ግንዱ በመስኮቴ አጠገብ እየተንገጫገጨ አለፈ፤ የሙጫውን ሽታ እንኳ አስታውሳለሁ። የምጮኸው እኔ መሆኔን ያወቅሁት መኪናው አልፎ ዝም ሲል ነው።

«ያዘ» አለ አባቴ። 

«ያኔም ይዟል» አለች እናቴ።

«አልያዘም!» አልኩ እያለቀስኩ። «ለጋሼ ታሽኮ አልያዘለትም! ፍሬኑ ነው የገደለው!»

«ማን አለሽ?»

«ሚርቼ።»

«ሚርቼ መኪናው ውስጥ ነበር?»

«አልነበረም።»

«እኔ ነበርኩ» አለች።

ቀስ ብላ ዞረች። ፕላስተሩ ከተነሣ ቆይቷል፤ ቅንድቧ ላይ ቀይ መስመር ቀርቷል። «እዚችው ኩርባ ላይ ነው። ልቡን ያዘውና ‹ወይ ዶንካ› አለኝ፤ ሌላ ቃል አልተነፈሰም። ግን ፍሬኑን ረገጠ የኔ ልጅ። በጎን ከአጥሩ ጋር ተፋጨን፣ እኔን መስተዋቱ መታኝ፣ መኪናዋ ግን ገደሉ አፍ ላይ ቆመች። ሰዎች ሲደርሱልን እሱ ሄዷል፤ እግሩ ግን ፔዳሉ ላይ ነበር። እግሩን በእጃቸው አንሥተው ነው ያወጡት።»

አባቴ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያል። «ያንን ፍሬን ስጪኝ ብዬ የለመንኳት ለዚህ ነው» አለ። «ሌላ ፍሬን አላምንም ነበር።»

እኔ ገና አልገባኝም። የገባኝ አባቴ እንደማይሞት ብቻ ነው፤ ደስታው ፊቴን አሞቀው። ዝም ብል ኖሮ ያ ደስታ ትንሽ ይቆይልኝ ነበር።

«ከጋሼ ታሽኮ ጋር ወዴት ትሄጂ ነበር?»

«አሁን ወደምንሄድበት። ቢቶላ፣ ሆስፒታል።»

«ማን ታሞ?»

 አባቴ የሞተሩን ቁልፍ ነካ፣ ግን አላስነሣም። እናቴ እጄን ከብረቱ ላይ አላቀቀችና በሁለት እጇ ያዘችው።

«እኔ ነኝ፣ የኔ ልጅ።»

ቢቶላ ውስጥ በመስተዋት በር በኩል አየኋት፤ ሰዎቹ የተባሉት ሐኪሞቹ ነበሩ። ደሟ በቱቦ እየወጣ ወደ አንድ መሣሪያ ይገባል፣ ከዚያ በሌላ ቱቦ ይመለሳል። ኩላሊቷ ሥራ ስላቆመ ደሟን የሚያጥብላት እሱ ነው አሉኝ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በጋ ከክረምት። አውቶቡሱ በረዶ ሲወድቅ አይወጣም፤ መኪናችን ካልወጣች እናቴ የለችም። አባቴ ያን ሁሉ ጊዜ እጁን እያደማ የሠራው ሥራ ይኸው ነበር። የሚያድናትስ መቼ ነው ብዬ ጠየቅሁት። «አያድናትም» አለኝ፤ «ያቆይልናል።» ከልጅነቴ ሁሉ እንደ ትልቅ ሰው የመለሰልኝ የመጀመሪያው መልስ ነው። ያ ሞተርና ያ ፍሬን አራት ክረምት አቆዩልን። አንድም ቀን አልከዱንም። ስትሞት የሞተችው በጸደይ፣ አልጋዋ ላይ ነው፤ መኪናዋ ደጅ ነዳጇ ሞልቶ ቆማ ነበር።

ያን የመጀመሪያ ቀን ስንመለስ ተራራው ላይ ጉም ወርዷል። ሞተሩ ዳገቱን ሳያጉረመርም ይወጣዋል፤ ፊቻ እንዲህ ወጥታ አታውቅም። እናቴ ከፊት፣ ራሷ ወደ መስኮቱ ዘንበል ብሎ፣ ከንፈሯ ነጭ ሆኖ ተኝታለች። አየኋት። ብዙ አየኋት፤ አልተንቀሳቀሰችም። ከኋላ ሆኜ ክንዴን በመቀመጫው ጎን አሾለክሁና መዳፌን አፏ ፊት ያዝኩ።

አባቴ በመስታወቱ እያየኝ ነበር። ይቆጣኛል ብዬ እጄን ልመልስ ስል፣

«ትተነፍሳለች?» አለኝ በሹክሹክታ።

ጠበቅሁ። ከዚያ ሞቅ ያለ ነገር መዳፌን ነካኝ።

«ትተነፍሳለች፣ አባዬ።»

ማርሽ ቀየረ። ቀጣዩ ኩርባ ላይም ጠየቀኝ።